ጠያቂዋ ንብ

ተረት ተረት!

በጎጃም፣ በአንድ ገበሬ ጓሮ፣ በጭቃና በእበት የተመረገ ቀፎ ነበር። ንቦቹ ታታሪዎች ነበሩ፤ ሕጋቸው ግን «ማር አምጪ እንጂ ጥያቄ አታምጪ» ይል ነበር።

በዚያ ቀፎ አንዲት ወጣት ንብ ነበረች። ለ3 ሳምንት ያህል በጨለማ ውስጥ እጭ ስትመግብና ሰፈፍ ስትሠራ ቆይታ መጀመሪያ ወደ ሜዳ የወጣችው በጥቅምት ነበር። የኑጉ ማሳ እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ቢጫ ሆኖ አገኘችው። ተመልሳም ንግሥቲቱ ፊት ቀረበችና፣

«እናታችን፣ እኛ ማን ነን? ይህስ ሁሉ አበባ ለምን ይጠብቀናል?» ስትል ጠየቀች።

ንግሥቲቱ ዓመታት የኖሩ፣ ከቀፎው ግን እምብዛም የማይወጡ ነበሩ። «ልጄ፣ በአበባ ወራት የሠራተኛ ዕድሜ ከ6 ሳምንት ብዙም አይዘልም። ግማሹን ጨርሰሻል። ጥያቄ ምን ያደርግልሻል?»

«ዕድሜዬ ስላጠረ እኮ ነው የምጠይቀው! ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ እንዴት ልሙት?»

ንግሥቲቱ ተቆጡ። «እንግዲያውስ ጥግ ተቀምጠሽ ራስሽን አስቢ!» ብለው ፈረዱባት። ንቢቱም ተቀመጠች። ሌሊቱን ሙሉ ብታስብ ከጨለማው በቀር ያገኘችው አልነበረም። ሲነጋ ከቀፎው ወጥታ ማሳውን በየቀኑ ትመረምር ጀመር። ንቦች እየተመላለሱ ያረፉበት ኑግ ፍሬ ቋጠረ። አጥር ሥር የሸረሪት ድር የጋረደውን ግን ንብ ሁሉ ፈርቶት ነበርና ገለባ ሆኖ ቀረ።

ያየችውን ይዛ ተመለሰች። የንብ ቋንቋ ውዝዋዜ ነውና በማር እንጀራው ላይ ወጥታ ጀርባዋን እያወዛወዘች ተናገረች። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስትሮጥ «ወደ ፀሐይ» ማለቷ ነው፤ ውዝዋዜዋ በረዘመ ቁጥር መንገዱም ይርቃል። እኅቶቿ በቃሏ ብቻ አላመኗትም፤ ሳያዩም አልካዷትም። ሄደው ፍሬውንም ገለባውንም በዓይናቸው አዩ።

ሲመለሱ አንዲቱ ቀረብ ብላ አሸተተቻትና፣ «እኅቴ፣ ጀርባሽ ላይ የኑግ ብናኝ አለ። አንቺ ልታይው አትችይም፤ እኛን ግን ይሸተናል። ከአበባ ወደ አበባ ያደረስሽው፣ ማሳውንም ያስቋጠረው ይህ ነው» አለቻት።

ቀፎው ሁሉ ጸጥ አለ። ማር ሠሪዎች ብቻ ነን ሲሉ የኖሩት ንቦች ገበሬው የሚያጭደው ፍሬ የእነርሱም ሥራ መሆኑን ያን ቀን አወቁ። ንግሥቲቱም፣ «ዓመታት ኖሬ ያላወቅሁትን በሳምንታት አስተማርሽኝ» ብለው ፍርዳቸውን ሻሩ።

ራሱን ማወቅ የሚሻ ወደ ዓለም ይውጣ፤ ያየውንም ለወገኑ ይናገር፤ ወገኑም ሄዶ ይመርምረው። የራሳችንን ጀርባ የምናውቀው ሌላው ሲነግረን ነውና። ጠያቂ ልጁን ጥግ የሚያስቀምጥ አገር የገዛ ማንነቱን ከራሱ ይሸሽጋል።