መሬቱ የመንግሥት፣ ጥበቱ የኔ

አቦ ተዉኝ! ሰው ቦታ አስፍቶ ሲከሰስ አይቻለሁ፤ አጥር ገፍቶ፣ መንገድ በልቶ ሲከሰስ አይቻለሁ። ቦታው ጠቦበት የሚከሰስ ሽማግሌ ግን ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከአባታችን የወረስነው ግቢ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነው። ወንድምና እህት ተከፋፈልነውና ለኔ የደረሰኝ ቁራጭ፣ አንድ ግመል አንበርክከህ ጭነቱን ግን ውጭ የምታወርድበት ያህል ነው። እዚያ ላይ አንዲት ክፍል ከነማድቤቷ ሠርቼ ልጄን ከኪራይ ላውጣት ብዬ ተነሳሁ። «ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሂድ» ተባልኩ። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚባለውን እስካሁን በዓይኑ ያየው ሰው የለም፤ እያንዳንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ነው የሚጠቁመው።

በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር ባለሙያ ፊት ቀረብኩ። ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ «አባቴ፣ እርስዎ…» ብሎ ጀመረ። ያኔ ገባኝ። ድሬ ላይ ሕፃኑም ሽማግሌውን «አንተ» ነው የሚለው፤ ፍቅራችን እንዲህ ነው። «እርስዎ» ከተባልክ ወይ በጠና ታመሃል፣ ወይ ጉዳይህ ሞቷል።

«ቦታዎ ከዝቅተኛው የሽንሻኖ ስፋት በታች ስለሆነ የፕላን ስምምነት አያገኝም» አለኝ። የፕላን ስምምነት ከሌለ የግንባታ ፈቃድ የለም።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ከጎረቤትዎ ጋር ተዋህደው በጋራ ያልሙ።»

ከጎረቤቴ ጋር! ከዚያ ሰውዬ ጋር በጣሪያ ውሃ መውረጃ ስንነታረክ ሁለታችንም ሸብተናል። ስማችን አንድ ካርታ ላይ ቢጻፍ ካርታው ከመሃል ይቀደዳል። ደግሞ ብንዋሃድም እዚያ የሚፈቀደው ፎቅ ነው አለኝ። ፎቅ! ይህ ጉልበቴ አልጋዬ ላይ እንኳ የሚወጣው ተለምኖ ነው።

ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው፣ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን በሦስት መድቦ ነበር። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠው ምድብ «ሀ» ነበር፤ ከፍታው ከ12 ሜትር የሚያልፈው «ሐ» ይገባ ነበር። የኔዋ ክፍል 7 ሜትር ሲባል ብትሰማ ትደነግጣለች፤ ከ«ሀ» በፊት ፊደል ቢኖር እዚያ ነበር የሚመድቡኝ። አዋጁ ይግባኝ ሰሚ ቦርድም አቋቁሞ ነበር። ይግባኙ ግን ባለሙያው ሕጉን ሲስት ነው። ሕጉ እኔን ሲስተኝስ ለማን አቤት ይባላል?

ዘመኑም አይገባኝም። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ኃጢአቱ ብዙ መያዝ ነበር፤ ለመኖሪያ ቤት ከ500 ካሬ ሜትር በላይ አይቻልም ተባለ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ያን ጊዜ ትንሽ ቦታ ያለው ሰው ምሽት ላይ ተደላድሎ ይተኛ ነበር። ዛሬ ደግሞ ማነሱ ጥፋት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ይሁን፣ አልተቃወምኩም። ግን መሬቱ የሁላችን ከሆነ ጥበቱ እንዴት የኔ ብቻ ይሆናል?

ደንብ አይኑር አላልኩም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እዚሁ ነበርኩ። «ከወንዙ ራቁ» የሚል ደንብ ሲመጣ ብድግ ብዬ ነው የማጨበጭብለት። የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ይኑር፣ መስኮትህ ጎረቤት ጓዳ ውስጥ አይግባ፤ እሺ። የካሬው ልክ ግን ከየት ሰፈር ተለክቶ መጣ? ከዚራ ከሆነ፣ ከዚራን ፈረንሳዮቹ ለባቡሩ ሰዎች ብለው መንገዱን በማስመሪያ ያሰመሩት ሰፈር ነው። ደቻቱን ተሻግረህ መጋላ ስትገባ ማስመሪያው ወንዙ ማዶ ቀርቷል፤ ቀፊራ ገበያ ዙሪያ ቤት የቆመው የጎረቤቱን ትከሻ ተደግፎ ነው። ዛሬ «ፈቃድ አምጪ» ብትባል መጋላ ራሷ አትፈቀድም።

ድሬዳዋስ ብትሆን? ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ ሐረር ሊገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው በዛ፣ ሐዲዱ ከግርጌ ቀረ፤ በ1895 እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች። ፕላኑ ነው ለመሬቱ የታጠፈው። «ተራራው ከስታንዳርድ በላይ ነው፣ ከጎረቤቱ ተራራ ጋር ተዋህዶ ይምጣ» ያለ አልነበረም። ለተራራ የታጠፈ ፕላን ለአንድ ሽማግሌ ቢታጠፍ ምን ይጎዳዋል?

ይህን ሁሉ ለልጅ እግሩ ባለሙያ አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፣ ሲያበቃ «ጥሩ ነው አባቴ፣ በጽሑፍ ያቅርቡ» አለኝ።

ይኸው፣ አቅርቤያለሁ። ቴምብር የሚለጥፍ፣ ማኅተም የሚመታ ካለ ቶሎ ይበል፤ ከምሳ በኋላ በርጫ አለብኝ።