የጣቶች ሽማግሌ

ባልና ሚስት ሲጣሉ በአገራችን ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌውም ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ግራ ቀኙን ከሰማ በኋላ "ቻይው ልጄ፣ ትዳር ነው" ብሎ ሚስቲቱን ወደ ቤቷ ይመልሳል። ባልየውን "አንተ ደግሞ ዱላህን አስቀምጥ" የሚል ሽማግሌ የገጠማት ሴት ዕድለኛ ናት።

ይህ የአባቶች ጥበብ ሰሞኑን ወደ እግራችን መውረዱን ሳይ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

የአክስቴ ልጅ ከሥራ ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ጫማው አፍንጫው እንደ ወስፌ የሾለ፣ ታኮው ሽቅብ የተሰቀለ፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። እግሯ ግን ሌላ ነገር ያወራል። አውራ ጣቷ ጎረቤቱ ላይ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ወደ ውጭ ተገፍቶ ቀልቷል። ቦርሳዋን በርብራ አንዲት ሚጢጢ ከረጢት አወጣች። ከውስጧ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነጭ ሲሊኮን መዛ በሁለቱ ጣቶች መካከል ሰካችው።

"እፎይ!"

"ምንድን ነው?"

"የጣት መለያያ። አጥንቱን ይመልሰዋል።"

ጠዋት ሽማግሌውን በሳሙና አጥባ መስኮት ላይ አሰጣችው። የታረቀችውን ጣት ደግሞ ወደ ባሏ፣ ማለትም ወደዚያው ጫማ፣ መልሳ ሸኘቻት።

"ጫማውን ብትቀይሪስ?" አልኳት።

"አንተ ደግሞ! ጫማው ምን አደረገ?"

እውነትም ምን አደረገ? አሥር ሰዓት ሙሉ አምስት ጣቶችን ለሦስት በምትበቃ ክፍል ውስጥ በማኖሩ ነው? በዚህ የቤት ኪራይ ዘመን ደባልነት ብርቅ ነው እንዴ? ታኮው የሰውነቷን ክብደት ወደ ፊት እያንሸራተተ ጣቶቿ ላይ ቢደፋውስ? ከፍ ብሎ መታየት ዋጋ ያስከፍላል። ጥፋቱ የጣቷ ነው፤ ሰፊ ሆና መፈጠሯ።

ሽማግሌውን ግን አላማውም። አቅሙ የፈቀደውን ያደርጋል። ጣቶቹ እንዳይፋተጉ መሐል ይገባል፤ እዚያው እስካለ ድረስ ሕመሙ ቀለል ይላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲያመው የዋለ ያውቀዋል። የተጣመመውን አጥንት ግን አያቃናም። ሲወጣ ጣቲቱ ወደ ለመደችው ጎኗ ትመለሳለች። "አጥንቱን ይመልሰዋል" ያለው ሲሊኮኑ ሳይሆን ሻጩ ነው።

ጫማው ሌላም ጎበዝ ጠበቃ አለው፤ ዘር ይባላል። "እናቴም እንዲህ ነበረች" ትላለች የአክስቴ ልጅ፤ አልዋሸችም። ይህ ሕመም በቤተሰብ ይወርዳል፤ የእግር አፈጣጠር ድርሻ አለው። ሆኖም አክስቴን አውቃታለሁ። ያወረሰቻት እግር ብቻ አይደለም፤ በቁም ሣጥኑ ሥር የተደረደሩትን ሹል ጫማዎች ጭምር ነው።

ለጫማ መሰቃየት የእኛ ፈጠራ እንዳይመስለን ደግሞ ታሪክ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማና በዙሪያዋ ከመቃብር የወጡ 177 አፅሞች ተመርምረው ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኖ ነበር። ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት ከሞቱት መካከል አውራ ጣቱ የተጣመመው 6 በመቶ ያህሉ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 27 በመቶ አሻቀበ። በመሐሉ አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ ጫማ ፋሽን ሆኖ ገብቶ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው፣ በአንድ የገጠር መካነ መቃብር ካረፉት ገበሬዎች የተጣመመባቸው 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በአንድ ገዳም ግቢ ከተቀበሩት መነኮሳትና ባለጸጎች ግን 43 በመቶ መሆናቸው ነው። ዓለም በቃኝ ማለት ይቻላል፤ ጫማ በቃኝ ማለት ግን ከባድ ነው።

የዚያ ዘመን ሰዎች ኋላ ቀርነት ያሳዝናል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገና በ1215 እ.ኤ.አ. ካህናት ሹል ጫማ እንዳያደርጉ ከልክላ ነበር። ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ደግሞ በ1463 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ፣ ከመኳንንት በታች ያለ ሰው የጫማው ሹል ከ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ አዘዙ። የንጉሡ ጭንቀት ተራው ሰው እንደ ጌታ እንዳይጫማ እንጂ ለአጥንት አልነበረም። ቢሆንም ልብ በሉ፤ ጫማውን ተቆጡት! ጣት መምከር እያለ ጫማን መገሠጽ! ሲሊኮን ያልደረሰበት ዘመን እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል።

የኛው አበበ ቢቂላም ከዚሁ ስሕተት አልዳነም። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አዲሱ ጫማ ባይመቸው እግሩን አግባብቶ እንደማስገባት ጫማውን ተወውና 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨረሰው። ከጫማ ጋር የቆየ ቂም ነበረው እንዳይባል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ አሸንፏል። ጥያቄው ጫማው ለእግሩ ይሆናል ወይ የሚለው ብቻ ነበር። እኛ ሠልጥነን ጥያቄውን ገልብጠነዋል፤ እግሩ ለጫማው ይሆናል ወይ?

ይህንኑ ለማጣራት አንድ ማታ የአክስቴን ልጅ በባዶ እግሯ ወረቀት ላይ አቆምኳትና ዙሪያውን በእርሳስ ከበብኩት። ከዚያ ጫማውን አንስቼ ሥዕሉ ላይ አስቀመጥኩ። ጣቶቹ ጋ ሲደርስ የእርሳሱ መስመር በግራም በቀኝም ከጫማው ውጭ ቀረ፤ በውጭው በኩል ትንሿ ጣት እንዳለች ሜዳ ላይ ፈሰሰች። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ዝም አለች። በመጨረሻ ተገለጠላት።

"እርሳሱን አዘንብለኸው ነው።"

ሽማግሌው አልበቃ ሲላትም ሌላ ዘዴ አገኘች። ሌሊቱን ብቻ ከማስታረቅ ቀኑን ሙሉ ጫማው ውስጥ ይዋልልኝ ብላ ቀጠን ያለውን ገዛች። ሰፊ ጫማ ውስጥ ቢሆን ደግ ነበር። ለአምስት በጠበበች ክፍል ስድስተኛ ደባል ሲጨመር ግን ምን እንደሚፈጠር ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ታክሲ ተሳፍሮ "ጠጋ በሉ" መባል ይበቃል።

ቅዳሜ ሠርግ ነበረብን። ገና ጭፈራው ሳይደምቅ ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ኮሽታ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ የአክስቴ ልጅ ብቻ አይደለችም፤ ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ ጫማቸውን አውልቀው ከፌስታል ነጠላ ጫማ እያወጡ ነው። ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል ማለት ነው፤ የሚታወቀው ግን ከጠረጴዛ በታች ነው። እስክስታው በነጠላ ጫማ ቀለጠ። "ፎቶ!" የተባለ ጊዜ ግን ሁሉም እግር ተጣድፎ ወደ ባሉ ቤት ተመለሰ።

ማታ ቤት ስንገባ ሽማግሌውን አየሁት። ከሁለቱ ጣቶች መካከል ሲወጣ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ነበር፤ አንድ ጎኑም ተቀዷል። በእሱ ፈንታ ሌላ እንዲመጣ ታዟል። አጥንቱ እንደ ቀላ ነው።

ጫማው ደህና ነው። ሰኞ ጠዋት ሊስትሮ ጋ ሄዶ ተወልውሎ መጥቷል።