ግድግዳው የሚወጣ ቤት

ሜዳ ላይ ማደር ያማረው ሰው ድንኳኑን ይተክላል፣ እሳቱን ያነዳል፣ ይተኛል። ቨርጂኒያ የሚኖረው ልጄ ግን «አባባ፣ አየር እንለውጥ» ብሎ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የወሰደን አልጋውን፣ ሶፋውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር በተጎታች ቤት ጭኖ ከመኪናው ኋላ ጎትቶ ነው። ታዲያ ምኑን ለወጥነው?

መንገዱን አላማም። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ሙሉ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል፤ ግሩም ነው። የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ መሆኑን ምራቴ ስታነብልኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት።

መከራው የጀመረው ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ደርሰን ስንቆም ነው። ልጄ ውሃ ልክ አወጣ፤ ያንኑ የግንበኛውን! «መሬቱን እግዜር ነው የሠራው፤ ትንሽ ቢያዘነብል ምን አለበት?» አልኩት። «ፍሪጁ ይበላሻል» አለኝ። ይህ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ሞተር የለውም አሉ። ከሥር እሳት ይነድና አሞኒያና ውሃውን ያፈላል፤ ፈሳሹ ተመልሶ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል። ቤቱ ካዘነበለ ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ ይተኛል፣ እሳቱ ማንደዱን አይተው፣ በመጨረሻ ፍሪጁ ይሞታል። ለማቀዝቀዝ እሳት የሚያነድ ዕቃ በዚህ ዕድሜዬ አየሁ።

ሥርዓቱ እንደ ቅዳሴ ነው፤ ፊትና ኋላው አይለወጥም። ቤቱ ከመኪናው ሳይፈታ በዘመመው በኩል ያለው ጎማ ጣውላ ላይ ይወጣል፣ ታኮ ይገባል፣ ከዚያ ይፈታል፣ ከዚያ ደግሞ ፊቱ በክሪክ ይስተካከላል። እኔ ረዳት ሆኜ ተሾምኩ። «ና! ና! ሙላ! ቁረጥ! በቃ!» እላለሁ፤ እኔ በቃ ስል የውሃ ልኳ አረፋ አልበቃም ትላለች። የጥንት የአውቶቡስ ረዳት ከጎማ ሥር ድንጋይ ጣል ካደረገ ማን ይጠይቀው ነበር?

ቀጥሎ አራት እግሮች በየማዕዘኑ ወረዱ። ቤቱ እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው እንጂ አይሸከሙም፤ በእነሱ ላንሳው ያለ ሻንሲውን ያጣምማል። እግር ተብሎ የማይሸከም!

አሁን ቤቱ እንዲሰፋ ግድግዳው ይውጣ ተባለ። ካምፑ ውስጥ የሚሰካ መብራት ስለሌለ የሚገፋው ባትሪው ነው። ልጄ ቁልፉን ተጫነ፤ ክፍሉ እያቃሰተ ከነሶፋው ወደ ውጭ ተንሸራተተ፣ ምራቴም ጮኸች። ለካ ዛፍ አለ! ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደርቆ ቆሟል። ክፍሉ ተመለሰ፣ እግሮቹ ተሰበሰቡ፣ ቤቱ ተቀጠለ፣ ታኮው ወጣ። እኔም እንደገና «ና! ና!» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዙሪያውን ማየት ነበረበታ!

ጎረቤታችን ያረፉት ባልና ሚስት ድንኳናቸውን ተክለው፣ በልተው፣ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው እኛን ያዩናል። ትርኢት ሆንንላቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ድምፅ ክልክል ስለሆነ የኋለኛውን ንዴቴን በሹክሹክታ ነው የጨረስኩት።

እናንተ እኩዮቼ፣ ልጆቻችሁ «ጫካ እንደር» ሲሏችሁ በምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በድንኳን ከሆነ እሺ በሉ። ግድግዳው የሚወጣ ቤት ከሆነ ግን እራታችሁን በልታችሁ ሂዱ።