ሙቅ ሻወር አለ

ጉራጌ ዞን፣ ጉንችሬ ውስጥ አልጋ የሚያከራዩት ብዙዎቹ ቤቶች ደጃፋቸው ላይ «ሙቅ ሻወር አለ» ብለው ጽፈዋል። ጽሑፉ ውሸት ነው አይባልም። ሻወሩ አለ። ማሞቂያውም ነጭ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ቀይ መብራቱን አብርቶ አለ። ሙቁ ነው የሌለው።

በአዘቦት ቀን ይህ ያን ያህል አያስጮህም። አንድ ሁለት ነጋዴ፣ አንድ ለሥራ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ያድራል፤ ቢቀዘቅዝበት ፊቱን ብቻ ታጥቦ መንገዱን ይቀጥላል። ነገሩ የሚከፋው አረፋና መስቀል ሲመጣ ነው። የመርካቶው ሱቁን ዘግቶ፣ የሐዋሳውና የጅማውም ቤተሰቡን ጭኖ፣ በወልቂጤ፣ በጉብሬ፣ በእምድብር አድርጎ ይገባል። በመስቀል ሰሞን፣ ከደንጌሳት እስከ አዳብና፣ አልጋ ማግኘት ራሱ ዘመድ ይፈልጋል። ወላጆቹ ቤት የጠበበው እንግዳ ማታ ክትፎውን በልቶ ማረፊያው ይተኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ሁሉም እንደተማከረ ሰው በአንድ ጊዜ ተነስቶ ማሞቂያውን ይጫናል።

አምፖሉ ወዲያው ይቀላል። ፍሪጁ ያቃስታል። ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው ይሰለፋል።

«ትንሽ ይታገሱ ጋሼ፣ አሁን ይሞቃል» ትላለች ቁልፍ ያዧ ልጅ።

«መቼ ነው አሁን?»

«መብራቱ አቅም አንሶት ነው እኮ ጋሼ።»

ልጅቱ ልክ ናት። 50 ሊትር ውሃ ከ17 ዲግሪ ተነስቶ 60 ዲግሪ እንዲደርስ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይበላል። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ 1,500 ዋት ከሆነ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ግን መስመሩ ላይ 220 ቮልት ካለ ነው። ቮልቴጁ ወደ 160 ሲወርድ ሰው የሚመስለው ሙቀቱ በሩብ የሚቀንስ ነው፤ የሚቀንሰው ግን በግማሽ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ከ40 የነበረው ከ3 ሰዓት በላይ ሆነ ማለት ነው። በ3 ሰዓት ውስጥ ደግሞ መብራቱ ጨርሶ ሄዶ ይመጣል፤ እሱም ከመጣ።

ሰው የሚበሽቀው ግን በመብራቱ ብቻ አይደለም። የጉድጓድ ውሃ ሲሞቅ ኖራ ይጥላል፤ ያ ኖራ ሬዚስታንሱ ላይ እየተጋገረ ሙቀቱን ይይዝበታል። ጋኑ ውስጥ ደግሞ የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ሥራው ጋኑ እንዳይዝግ በጋኑ ፈንታ እየተበላ ማለቅ ነው። በየጊዜው ከፍቶ ማየት፣ ካለቀ መቀየር ያስፈልጋል። እስቲ አንድ ሰው ይህን ዘንግ ሲቀየር ያየ ይናገር! ማሞቂያ እኛ ዘንድ የሚከፈተው ማንጠባጠብ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀየረው ዘንጉ ሳይሆን ማሞቂያው ነው። አዲሱም ያው መስመር ላይ፣ ያው ውሃ ገብቶበት ይሰቀላል።

ጊቤ የሚባል ስም የያዙ ሦስት ማመንጫዎች አሉ፤ 184፣ 420 እና 1,870 ሜጋ ዋት። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወርድ ሰው ጊቤን በድልድይ ይሻገራል። ወንዙ የሰፈራችን፣ ግድቡ የጎረቤታችን፣ እኛ ጠዋት ጠዋት በባልዲ። ማመንጨትና ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ ትራንስፎርመሩ ሲተከል የነበረው ሰፈርና ዛሬ የተንጠለጠለበት ሰፈር አንድ አለመሆኑን ማንም አያጣውም። ማወቁ ግን ገላ አያሞቅም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የመዋኛ ገንዳ ወሬ የሚመጣው።

በየመስቀሉ፣ ክትፎው ተበልቶ ጨዋታው ሲደራ፣ ከከተማ የመጣ አንድ የአገር ልጅ ሆቴል ይሠራል። በአፍ ነው የሚሠራው፣ ግን አሳምሮ ይሠራል። አራት ፎቅ፣ አዳራሽ፣ ከኋላ ገንዳ። አንዱ «ይህ ብርድ ባለበት አገር ማን ይዋኛል?» ሲለው መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ሂት ፓምፕ አለ። ከአየሩ ላይ ሙቀት ስቦ ውሃው ውስጥ ይከታል። አንድ ብር ከፍለህ የአምስት ብር ሙቀት ነው የምታገኘው።»

አልተሳሳተም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሂት ፓምፕ የተገለበጠ ፍሪጅ ነው። ማራገቢያው አየሩን ይስባል፣ ውስጡ የሚዞረው ጋዝ ከአየሩ ላይ ሙቀት ይወስዳል፣ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ይበልጥ ያግለዋል፣ በቲታኒየም ቱቦ አድርጎም ሙቀቱን ለገንዳው ውሃ ያስረክባል። አየሩ ሞቅ ሲል በእርግጥ አንድ እጅ ኤሌክትሪክ አምስት እጅ ሙቀት ያመጣል። አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ያ አምስት እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ማሽኑ ላይም በረዶ መጋገር ይጀምራል። የኛ ሌሊት ደግሞ የሚታወቅ ነው።

ሒሳቡን ማንም አይጠይቅም እንጂ ቀላል ነው። 10 ሜትር በ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ገንዳ 75,000 ሊትር ይይዛል። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን 3,750 ጀሪካን ነው። ዞናችን ውስጥ፣ ወልቂጤ ላይ፣ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ውሃ ጠማኝ ብሎ አደባባይ የወጣበትና ሕይወት የጠፋበት የካቲት 2015 ዓ.ም. ገና ትናንት ነው። ገንዳው እንዲሞላ የሚፈቅደው ማን ነው? እሺ፣ ባለቤቱ የራሱን ጉድጓድ አስቆፈረ እንበል። 75,000 ሊትሩን ከ18 ወደ 28 ዲግሪ ለማድረስ 870 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። 15 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚሰጥ ማሽን ይህን የሚያደርሰው ሳይቆም ሁለት ቀን ተኩል ሠርቶ ነው። ሳይቆም! ጉንችሬ ውስጥ ሁለት ቀን ተኩል ሳይቆም የሠራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ካለ ባለቤቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ሬዚስታንስ እንኳ ቮልቴጅ ሲያንሰው ሰነፍ ይሆናል እንጂ አይቃጠልም። ኮምፕሬሰር ግን ሞተር ነው፤ ሲያንሰው ይበልጥ ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ለዚህ ነው ከ220 ብዙ ሲርቅ ራሱን የሚዘጋው። ስታብላይዘር ይገዛ ይባላል። ስታብላይዘሩም ሲወርድበት የሚያካክሰው እስከ ልኩ ድረስ ነው፤ ከዚያ እሱም «ጠቅ» ብሎ ይተኛል። ጄኔሬተር ይነሣ ከተባለ ደግሞ ያቺ የአምስት ብር ሙቀት በናፍጣ ተቀየረች፤ ናፍጣ ፍለጋ ወልቂጤ የተሰለፈ ሰው ስለ ዋና ማውራት አይቃጣውም።

መብራቱ ቢስተካከል እንኳ ሰው ይፈልጋል። ማጣሪያው በቆሻሻ ሲደፈን ውሃው በቂ አይፈስም፣ ማሽኑም ፍሰት የለም ብሎ ይቆማል። በጋ ላይ አቧራው የማራገቢያውን ክንፎች ይሸፍናል። ክሎሪኑ ከማሽኑ በፊት ከተጨመረ ውስጡን ይበላዋል። ሌሊት ሌሊት ገንዳው መሸፈን አለበት፣ ምክንያቱም ሙቀቱን በዋናነት የሚሰርቀው ትነት ነው። ይህን ሸራ ማታ ማልበስና ጠዋት መግፈፍ ነው ከሁሉ ርካሹ ሥራ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወውም እሱ ነው። ማሽን መግዣ ሚሊዮን የማያሳሳው ባለሀብት፣ ማሽኑን የሚጠብቅ ባለሙያ በወር ስንት ይከፈለው ሲባል ፊቱ ይለወጣል። የበሩ ጥበቃ አለ አይደል? እሱ ደርቦ ይያዘው።

ለሌላው ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ ታሞቅለታለች። ከጉንችሬ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ወሊሶ ላይ ፍልውሃ ከመሬት ፈልቶ ገንዳ ይሞላል፤ ቆጣሪ የለው፣ ፌዝ የለው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ፍልውሃም እስከ ዛሬ ሰው ያጥባል፤ ያ መስቀል ቅርጽ ያለው የሂልተን ገንዳም የሚሞቀው በዚያው በፍልውሃ ነው። እኛ ሰባት ቤት ጉራጌዎች እንሰት ተሰጠን፣ ክትፎ ተሰጠን፣ ንግድ ተሰጠን፤ የሞቀ ውሃ ክፍፍል ላይ አልነበርንም።

እና ገንዳው ይሠራል፤ እኔ እንዳይሠራ አላልኩም። ማሽኑም ይመጣል፣ ከሆቴሉ ጀርባ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጣል፣ የመጀመሪያው መስቀል ላይ ልጆች ይንቦጫረቁበታል። ከዚያ አንድ ማለዳ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር እየበራ እየጠፋ ይቆማል። መመሪያው ቻይንኛ ነው። ቴክኒሺያኑ አዲስ አበባ ነው፤ ስልኩ አይነሣም፣ ቢነሣም «ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ» ነው፣ ኔትወርክ ደግሞ የለም። ኮምፕሬሰሩ አንዴ ከቆመ በኋላ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገስ አለበት፤ ይህን ለጥበቃው የነገረው የለም። ጥበቃው ብሬከሩን ሁለት ጊዜ አውርዶ ሰቅሎታል፤ አሁንም እጁ እዚያው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አንዴ ደግሜ አጥፍቼ ላብራው?»