ሆድ እንጂ አንገት የሌለው ሰው

በጅማና በዙሪያዋ ያላችሁ የቡና ድርጅቶች ሆይ፣ እንኳን በሕግ ሰው ሆናችሁ ተፈጠራችሁ! ከንግድ መዝገብ ተወልዳችሁ፣ በማኅተም ተጠምቃችሁ፣ ትበደራላችሁ፣ ትገዛላችሁ፣ ትከብራላችሁ። እኛ ከሥጋ የተወለድነው የምንቀናባችሁ በአንድ ነገር ነው፤ አንገት የላችሁም።

የወንጀል ሕጉ ግን አልረሳችሁም። የ1996ቱ ሕግ፣ አንቀጽ 34፣ ኃላፊው ወይም ሠራተኛው የድርጅቱን ጥቅም በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ ካጠፋ ድርጅቱም ወንጀለኛ ነው ይላል። የመንግሥት የአስተዳደር አካላት ብቻ አይነኩም (መንግሥት ምን ሲያጠፋ ታይቶ!)። ድርጅት ወህኒ ስለማይወርድ የሚቀጣው በገንዘብ ነው፤ መደበኛው ከ100 እስከ 500,000 ብር። ግማሽ ሚሊዮን ዛሬ አንድ አይሱዙ የታጠበ ቡና አይገዛም። ሲብስ ድርጅቱ ይዘጋል፤ ባለቤቱም በሌላ ስም ሌላ ሰው ይወልዳል። የ2006ቱ የንግድ ውድድር አዋጅ ግን የዓመታዊ ሽያጭን እስከ 10 በመቶ ያስቀጣል። እሱ ያማል፤ ስለዚህ በዋጋ ስትመሳጠሩ ወረቀት አትተዉ።

ወረቀትስ ለምን? ሦስት ገዢዎች አንድ ረከቦት ከበው ይቀመጡ። አቦሉ ላይ ስለ ዝናቡ፣ ቶናው ላይ ስለ መንገዱ፣ በረካው ላይ ስለ እሸት ዋጋ ያውጉ። ዐቃቤ ሕግ ምን ብሎ ይክሰስ? ቡና ጠጡ ብሎ? ከዚያ የአጋሮ ገበሬ ጆንያውን ተሸክሞ ከሚዛን ሚዛን ቢዞር ሦስቱም ያንኑ ዋጋ ይጠሩለታል። ይህ ውድድር አይደለም የሚል ማነው? እኩል ገቡ እንጂ! ገበሬውም አይጠብቅም፤ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል። አድርቆ ጀንፈል አድርጎ ዋጋ እስኪሻል መጠበቅ ይችል ነበር፤ የልጁ ደብተር ግን አይጠብቀውም።

ፍርድ ቤት ይረዝማል ለሚል አጭሩንም መንገድ አይተናል። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት ቡና አከማቹ ያላቸውን ስድስት ትልልቅ ላኪዎች ፈቃድ ነጥቆ መጋዘናቸውን ዘጋ፤ የራሱን የእህል ንግድ ድርጅትም ቡና ላኪ አደረገ። ዳኛው ቀይ ካርድ መዝዞ ሲያበቃ መለያ ለብሶ ሜዳ ገባ ማለት ነው።

ፊሽካ ይነፋ የነበረው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንም በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥልጣኑ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጠ። አቤት ማለት የምትፈልጉ የሊሙና የጌራ ገበሬዎች፣ ሚኒስቴሩ አዲስ አበባ ነው፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል። እሸቱን ይዛችሁ አትሂዱ።