ይሠራ ነበር

ላፕቶፔን አፕዴት ባደረግሁ ማግስት ዋይፋዩ መቆራረጥ ጀመረ። ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ገጽ ግን አይከፈትም። መጀመሪያ የተጠረጠረው ራውተሩ ነው፤ አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ከሳሎን ወደ ኮሪደር አዛወርኩት። ቀጥሎ ዝናቡ ተጠረጠረ፤ ከዚያም የጎረቤት ራውተር። ነገሩን የፈታችው ታናሽ እህቴ ናት፤ "ትናንት ይሠራ አልነበር እንዴ?" አለችኝ። ላፕቶፑን በአሮጌው የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ባስነሣው ዋይፋዩ ደህና ሆነ። ለካስ ችግሩ ያለው አዲሱ ኮድ ውስጥ ነው!

ግን የቱ ጋ? በሁለት ዋና የከርነል እትሞች መካከል ከ10,000 በላይ ለውጦች ይገባሉ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠረው፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ለዚህ ባይሴክት የሚባል መላ አለው፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን እትም ስትነግሩት መሐለኛውን ያወጣላችኋል፤ ሞክራችሁ ስትመልሱለት ግማሹን ይጥላል። 10,000 ለውጥ በ14 ሙከራ ገደማ አንድ ላይ ይደርሳል።

እያንዳንዱ ሙከራ ግን ከርነሉን ከኮዱ እንደገና መገንባት (ኮምፓይል ማድረግ) ነው፤ መሐል ላይ መብራት ይሄዳል። ከዚህ የከፋው የችግሩ ጠባይ ነው፤ አንዴ ወዲያው፣ አንዴ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። በችኮላ "ደህና ነው" ከተባለ ፍለጋው በሙሉ ወደ ንጹሑ ግማሽ ይሄዳል። ስለዚህ ደህና የመሰለኝን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ አሳድረው ነበር።

በመጨረሻ የተያዘው ኃይል ቆጣቢ ለውጥ ነበር። የዋይፋይ ካርድ ባትሪ ለመቆጠብ ያሸልባል፤ ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ቢከን የሚባል አጭር ምልክት ይልካል፤ ካርዱ በየመሐሉ እየነቃ የመጣለት ዳታ እንዳለ ከዚያ ይሰማል። በአዲሱ ለውጥ ካርዱ ተኝቶ ይቀር ነበር። ኃይል ቁጠባውን ሳጠፋው መቆራረጡ ቆመ።

የከርነሉን ቁጥር፣ የካርዱን ዓይነትና ለውጡን ጠቅሼ ካርዱን ለሚያሠራው ኮድ (ለድራይቨሩ) ኃላፊዎች ጻፍኩ። ቶርቫልድስ አጥብቆ የሚያስከብረው ሕግ አለ፤ ለተጠቃሚ ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ እትም መበላሸት የለበትም። ማስተካከያው መጣ፤ ሞከርኩት፤ ሠራ።

"ዋይፋይ እምቢ አለኝ" የሚል አቤቱታ ለሚሰማው ሰው መነሻ አይሰጠውም። ከየትኛው ለውጥ በኋላ እንደተበላሸ ከተነገረው ግን እጁን የሚያሳርፍበት ያገኛል። ኮድ ባትጽፉም አሮጌውን ከርነል አታጥፉ፤ ደህና የነበረውን እትም ቁጥር መዝግቡ። ችግሩን የሚያስተካክለው ሰው የእናንተ ላፕቶፕ የለውም፤ የሚያየው በእናንተ ዓይን ነው።