ስለ ነፃ ጽሑፎች አገለባበጥ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ነጋሪት ስለሌለን በኖቲፊኬሽን የምንጎስም፣ እኛ የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ፔጅ አድሚኖች፣ የዩቲዩብ ተራኪዎችና የሰው ጽሑፍ አመላላሾች፤

አንዳንድ ሰዎች እንቅልፍ አጥተው የጻፉትን ወግ፣ ግጥምና ተከታታይ ልቦለድ በየገጻቸው በነፃ እየለጠፉ መሆኑን በደስታ በመገንዘብ፤

«በነፃ የተለጠፈ ባለቤት የለውም» የሚለው እምነታችን እስከ ዛሬ የሚደግፈው ሕግ በማጣቱ፤

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በበኩሉ፣ ወጥ የሆነ ሥራ ከተጻፈ ሳይመዘገብም ይጠበቃል፤ ጥበቃውም አመንጪው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል እያለ ሥራ ስላስፈታን፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሼር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ጠቃሹ የእኛን ስም የመጥቀስ ግዴታ አለበት።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣

«ነፃ» ማለት ጸሐፊው እንድናነበው የፈቀደልን፣ እኛ ግን ማስታወቂያ እንድንለጥፍበት የፈቀደልን አድርገን የተረዳነው ነው።

«ምንጭ» ማለት «ከፌስቡክ መንደር» ማለት ነው። መንደሩ ሰፊ ስለሆነ የቤት ቁጥር አይጠየቅም።

«ያልታወቀ ጸሐፊ» ማለት ስሙ ከጽሑፉ በላይ በግልጽ የሚታይ፣ ስንገለብጥ ግን ጣታችን እዚያ ድረስ ያልደረሰለት ሰው ነው።

«ጥሬ ቆዳና ሌጦ» ማለት ያልተለፋ የከብት፣ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነው። (ይህ ትርጓሜ አዋጁን ከገለበጥንበት ሌላ አዋጅ ሳይሰረዝ ያለፈ ነው። አንባቢ ይታገሠን።)

3. ስለ ጥቅስ

አዋጅ 410 ስምና ምንጭ ተጠቅሶ፣ በተገቢው መጠን ከሰው ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል። እኛም ሕግ አክባሪዎች ነን፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እንጠቅሳለን። የዕለት ዜና በቅጂ መብት እንደማይጠበቅም እናውቃለን። ስለዚህ አንዲት ልጅ ስለ እናቷ ቀብር የጻፈችው ጽሑፍ፣ ቀብሩ የተፈጸመው በዕለቱ ስለሆነ፣ ዜና ነው። በዋሽንት አጅበን እናነበዋለን።

4. ስለ ተከታታይ ልቦለድ

ጸሐፊው በየማታው አንድ ክፍል በነፃ የሚለጥፈው ልቦለድ ሲያጋጥም፣ ቀጂው ሙሉውን ሰብስቦ ያስቀምጣል። ከዚያም ክፍል አንድን ለቆ ሲያበቃ፣ ገጸ ባሕርይዋ በሩን ልትከፍት እጀታውን ስትጨብጥ ያቆምና «ክፍል ሁለት 300 ላይክ ሲሞላ ይለቀቃል» ይላል። ላይኩ ሲዘገይ «ካልፈለጋችሁት ላቁመው?» ብሎ የመቆጣት፣ ሲፈጥንም ቁጥሩን ወደ 500 የማሳደግ ሥልጣን አለው። «ደክሞኛል፣ መጻፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ» ማለትም ይፈቀድለታል። ተከታዮች «አንተ ልጅ እጅህ ይባረክ» ብለው ሲመርቁት «አሜን» ይላል እንጂ እጁ የማን እንደሆነ አያብራራም። ዋናው ጸሐፊ ታሞ መለጠፍ ካቋረጠ ቀጂው እስኪሻለው የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፤ ጀግናዋን በመኪና አደጋ ገድሎ ታሪኩን መዝጋት ይችላል። ጸሐፊው ሥራዬ ተዛባ ብሎ የመቃወም የሞራል መብት አለኝ ቢል፣ ጀግናዋ ከሞተች በኋላ የሚነሳ ክርክር ተቀባይነት የለውም።

5. ስለ ፒዲኤፍ

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጅ 410 በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ነው። በሕጉ ስሌት መጽሐፉ እስከ 2046 ድረስ የወራሾች ነው ማለት ነው። ይህን አልተቀበልነውም። ርዕሱ ራሱ «እስከ መቃብር» ስለሚል ጥበቃውም እዚያው እንደሚያበቃ ተርጉመን መጽሐፉን በፒዲኤፍ እናሰራጫለን።

6. ስለ ስም

እስካሁን ገንዘብ የጠየቀን ጸሐፊ እምብዛም የለም። በነፃ የለጠፈ ሰው ምን ይጠይቃል? ብዙዎቹ የሚሉት «ስሜን ብቻ ጻፉልኝ» ነው። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለዓለም የሚያካፍሉትም ቢሆኑ ያው ናቸው፤ ስድስቱም ፈቃዶች ስም ይጠቀስ ይላሉ። ጥያቄው መጠነኛ መሆኑን እናምናለን። ሆኖም ስም አንድ መስመር ይፈጃል፤ መስመሩን ለቻናላችን ሊንክ አስይዘነዋል።

7. ስለ ቅሬታ አቀራረብ

ቅሬታ ያለው ጸሐፊ በኢንቦክስ ይቀርባል። «ወንድሜ፣ ያ ጽሑፍ የእኔ ነው» ሲል አድሚኑ «ውይ ብሮ፣ አላወቅኩም ነበር፤ በጣም አሪፍ ጽሑፍ ነው፣ በርታ» ብሎ ያጽናናዋል። ከእህት የመጣ ከሆነ «የኔ ቆንጆ» ይጨመርበታል። ቅሬታው ለሁለተኛ ጊዜ ከቀረበ ብሎክ ይደረጋል። ወደ ኮሜንት ወጥቶ ከተናገረ ተከታዮቻችን «ምቀኛ፣ ለሰው ቢደርስ ምን አለበት» በማለት ውሳኔ ይሰጡበታል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

አዋጅ 410 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። በዚህ አዋጅ ካሣው አንድ የልብ ኢሞጂ ሲሆን ከዚያ ሊበልጥ አይችልም።

8. ስለ ሎጎ

የገለበጥነው ጽሑፍ ላይ የቻናላችንን ሎጎ ካሳረፍንበት በኋላ ሎጎውን ቆርጦ የለጠፈ ሌላ ቻናል ሌባ ነው። በስክሪንሾት ይጋለጣል፣ ሪፖርት ይደረጋል፣ ለልጅ ልጁ ይረገማል። የሰው ልፋት እንዲህ የሚዘረፍበት ዘመን ላይ መድረሳችን ያሳዝናል።

9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ዋናው ጸሐፊ «ፖስት» የሚለውን ከተጫነበት ሁለተኛ ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ቀንና ፊርማ፦ ከዋናው ቅጂ ላይ አልተነበበም።